እንሰት ባለበት ጓሮ ሕፃናት ለምን ይቀነጭራሉ? ከማዕዱ የሚነሳ የአመጋገብ ምክር

በሃዲያ ዞን ከሾኔ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ባደዋቾ ቀበሌዎች የሚዘልቅ ሰው ዓይኑን የሚሞላው አረንጓዴ ነው። ቤቶቹ በእንሰት ታጅበዋል፤ ከእንሰቱ ባሻገር በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ስኳር ድንችና በርበሬ እንደየወቅታቸው ይታያሉ። እንዲህ ባለ ምድር ስለ ምግብ እጥረት መናገር ሰሚን ግራ ያጋባል። ሆኖም እንሰት አብቃይ በሆኑ የሀገራችን አካባቢዎች «አረንጓዴ ረሃብ» የሚባል ወቅት ይታወቃል፤ ምድሩ ለምልሞ ጎተራው የሚጎድልበት ጊዜ ነው። ከዚህ ሌላ ድምፅ የማያሰማ ችግርም አለ። ሕፃናት ሆዳቸው ሞልቶ እያደሩ በቁመትም በአእምሮ እድገትም ወደ ኋላ ይቀራሉ። ይህ መቀንጨር ይባላል።

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል ከመቶ 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ቁጥሩ ወደ 37 ወርዷል። መሻሻሉ ትልቅ ቢሆንም ዛሬም ከሦስት ሕፃናት ከአንድ በላይ የሚሆነው ሊደርስበት ከሚገባው ቁመት አልደረሰም ማለት ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ግብ አስቀምጧል።

ይህ ግብ በእርዳታ እህል ብቻ የሚደረስበት አይደለም። ስለ ምግብና ጤና በየቤቱ እየገባ የሚያስተምርና የሚመክር ሰው ይጠይቃል። ጥያቄው ምክሩ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ነው። በባደዋቾም ሆነ በሩቅ ሀገራት የታየው ልምድ የሚያመለክተው አንድ ነገር ነው፦ የሚጠቅመው ምክር ቤተሰቡ ካለው ማዕድ ተነስቶ የጎደለውን የሚጨምር ነው። የለመዱትን አስጥሎ በሕፃኑ ሳህን ላይ ያለውን የሚቀንስ ምክር ግን ሊጎዳ ይችላል።

መጥገብና መመገብ

እንሰት በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚመገበው ተክል ነው። ዝናብ ሲያጥር ከእህል ይልቅ ይጸናል፤ ለመድረስ ዓመታት ቢፈጅም በችግር ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል። ቆጮው በጉድጓድ ተብላልቶ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል፤ ቅጠሉና ቃጫውም አይጣልም። ለዚህም ነው የሃዲያና የከምባታ አባቶችና እናቶች እንሰትን የቤት ዋልታ አድርገው የሚያዩት።

ችግሩ እንሰት ብቻውን ሲበላ ነው። ቆጮ በአብዛኛው ኃይል ሰጪ ነው። ሰውነት የሚገነባበት ፕሮቲን በመቶ ግራም ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ ቫይታሚን ኤም ይጎድለዋል። ቡላ ደግሞ ለአራስና ለሕፃን የሚመረጥ የክብር ምግብ ቢሆንም ከቆጮ ያነሰ ፕሮቲን ነው ያለው፤ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ስታርች ነውና። ስለዚህ በቡላ ገንፎ ብቻ የሚያድግ ሕፃን ይጠግባል፣ ዝም ብሎ ይተኛል፤ አጥንቱና ጡንቻው ግን የሚያድጉበትን አያገኙም። እናትየዋ ልጇን እንዳልነፈገችው ስለምታውቅ ችግሩ አይታያትም።

የቀደመው ባህል ይህን ጉድለት በራሱ መንገድ ይሞላው ነበር። በሃዲያ የዘመን መለወጫ በዓል በያሆዴ የሚቀርበው አተካና ቡላን ከቅቤና ከወተት ተዋጽኦ ጋር ያዋህዳል። ቆጮም በክትፎ፣ በአይብና በጎመን ይበላል። እንሰትን ከከብት ጋር ያጣመረው አኗኗር ፍግን ለተክሉ፣ ወተትን ለልጆች ይሰጥ ነበር። መሬት እየጠበበ የላም ቁጥር ሲቀንስ፣ ቅቤውና ዕንቁላሉም ለጨው፣ ለሳሙናና ለደብተር መግዣ ወደ ገበያ ሲወጡ፣ በማዕዱ ላይ ቆጮው ብቻ ቀረ። እንግዲህ ምክር የሚያስፈልገው ለዚህ ክፍተት ነው።

ከባደዋቾ የወጣ ትምህርት

የሾኔ አካባቢ በሥነ ምግብ ታሪክ ውስጥ ብዙ ያልተነገረለት ቦታ አለው። ቀደም ሲል በከፍተኛ ደረጃ የተጎሳቆለ ሕፃን የሚታከመው በማዕከል ተኝቶ ነበር። እናት ሌሎች ልጆቿንና እርሻዋን ትታ ለሳምንታት ከታማሚው ጋር ትቀመጣለች። ብዙዎች ይህን ስለማይችሉ ወይ አይመጡም፣ ወይ ሳይጨርሱ ይመለሳሉ። በድርቁ ዘመን ከመስከረም እስከ ጥር 1993 ዓ.ም. በባደዋቾ ወረዳ ሌላ መንገድ ተሞከረ። ሕፃናቱ ለሕክምና የተዘጋጀውን ምግብና መድኃኒት ወስደው በቤታቸው እየተመገቡ፣ በቀጠሮ እየመጡ እንዲታዩ ተደረገ።

መዝገባቸው ከተመረመረው 170 ሕፃናት 144ቱ አገግመዋል፤ ሰባቱ ሞተዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሞ የብዙ ሀገራትን አሠራር ለመለወጥ ከረዱ ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ኅብረተሰብ አቀፍ ሕክምናውን በጋራ መግለጫ ደገፉ። ዛሬ በየጤና ኬላው የሚሰጠው የተመላላሽ ሕክምና የዚህ አሠራር ፍሬ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ከሕክምናም ያልፋል። እናት ከቤቷ ሳትነቀል ልትፈጽመው የምትችለው ነገር ሲነገራት ትፈጽመዋለች። ልጆቿን፣ እርሻዋንና የገበያ ቀኗን ያላገናዘበ መመሪያ ግን ትክክል ቢሆን እንኳ ሳይፈጸም ይቀራል።

ማን ይመክራል? እንዴትስ ይመክራል?

በገጠር ይህን ኃላፊነት በዋናነት የተሸከሙት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ፣ አንድ ዓመት እንዲሠለጥኑና 16 የጤና ፓኬጆችን እንዲያስተምሩ ታቅዶ ነበር። በመላ ሀገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎች ተሰማርተዋል። በአብዛኛው ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ በመሆናቸው በሾኔ ዙሪያ በሃዲይኛ ያናግራሉ፤ የአማትን፣ የባልንና የጎረቤትን ድርሻም ያውቃሉ። ከእነርሱ ሥር በሴቶች የልማት ቡድን የተደራጁ እናቶች ትምህርቱን ለጎረቤት ያደርሳሉ።

ለባለሙያዎቹ የሚሰጠው የምክር አሰጣጥ ሥልጠና ስምንት ቅደም ተከተሎች አሉት፦ ሰላምታ መስጠት፣ መጠየቅ፣ ማዳመጥ፣ ችግሩን መለየት፣ መወያየት፣ አማራጭ ማቅረብ፣ መስማማት፣ በመጨረሻም ቀጠሮ መያዝ። ከስምንቱ አማራጭ ማቅረብ ስድስተኛ ላይ መቀመጡ ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃኑ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደበላ ሳይጠየቅ «ዕንቁላል ስጡት» ማለት ዶሮ ለሌላት እናት ነቀፋ ነው። ዶሮ ላላት ግን ዕንቁላሉ ሁሉ ለምን ወደ ገበያ እንደሚሄድ ተጠይቆ፣ ከሳምንቱ ውስጥ ጥቂቱ ለልጁ እንዲቀር መስማማት የሚቻል ነገር ነው።

ስምምነቱም በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነገር ላይ ቢሆን ይመረጣል። አሥር ትእዛዝ የተሰጣት እናት አንዱንም አታስታውስም፤ አንድ ነገር ተስማምታ የሄደች ግን በቀጠሮዋ ቀን ሞክራ ያየችውን ይዛ ትመለሳለች። ገንዘቡን የሚይዘው አባት፣ ስለ ሕፃን አመጋገብ የምትወስነውም አያት በሆነችበት ቤት ደግሞ ሁለቱም በንግግሩ ውስጥ መኖር አለባቸው።

ድስቱ ላይ ሲደረስ

ምክር ከቃል ይልቅ በምግብ ዝግጅት ሠርቶ ማሳያ ይገባል። እናቶች ከየቤታቸው ያላቸውን ያመጣሉ፤ አንዷ ዱቄት፣ ሌላዋ ጎመን፣ ሌላዋ ወተት ወይም ዕንቁላል። አብረው ያበስላሉ፣ ሕፃናቱም እዚያው ይቀምሳሉ። በእንዲህ ዓይነቱ ማሳያ የሚተላለፉት ዋና ዋና ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም አያስፈልገውም። ከስድስት ወር ጀምሮ ጡት ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል፤ ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ እስከ ሁለት ዓመት ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ይመገባል።

ገንፎው በማንኪያ ላይ ሲያዝ የማይፈስ ወፍራም ይሁን። ቀጭን አጥሚት የሕፃኑን ትንሽ ሆድ በውኃ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ዱቄት ሲዘጋጅ ሦስት እጅ እህል ላይ አንድ እጅ የተቆላ አተር ወይም ሽምብራ ይጨመራል። ቦሎቄ ሲሆን ግን ማደሩ ይመረጣል፤ የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋና በአዲስ ውኃ እስኪፈርስ ከተቀቀለ በኋላ ተፈጭቶ ከቆጮ ወይም ከቡላ ጋር ይዋሐዳል። በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ሆድ ይጎዳል። ደረቅ ቦሎቄ በመቶ ግራም ውስጥ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን ስላለው የቆጮን ጉድለት ለመሙላት በባደዋቾ ማሳዎች ከሚገኙት ሁሉ ቅርቡ ነው።

ጎመንና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች ለቫይታሚን ኤ ይረዳሉ፤ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ሲታከልባቸው ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምባቸዋል። ወተት፣ ዕንቁላል፣ ሥጋና ዓሣ በትንሽ መጠንም ቢሆን ከአትክልት የማይገኘውን ቫይታሚን ቢ12 ይሰጣሉ። አዮዲን ያለው ጨው ምግቡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ስለሚይዙ ከምግብ ራቅ ብለው ቢጠጡ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ ይመረጣል። ነፍሰ ጡር በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ፣ የምታጠባ እናት ሁለት ተጨማሪ ማዕድ ያስፈልጋቸዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እንሰትን ተዉ የሚል ቃል የለም። ቆጮው በቦታው ይቆያል፤ አጠገቡ ግን ሌላ ነገር ይቀመጣል።

ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ምክርና ማስጠንቀቂያው

መጨመር ለምን እንደሚመረጥ ለመረዳት በሌላው ዓለም የታየውን ማነጻጸር ይጠቅማል። ባለፈው ምዕተ ዓመት ጆርጅ ኦሳዋ በሚል ስም የታወቁት ጃፓናዊ «ማክሮባዮቲክ» የተባለ የአኗኗር ትምህርት አስፋፉ። ስያሜው ከግሪክኛ የመጣና ረጅም ሕይወትን የሚያመለክት ነው። ደቀ መዝሙራቸው ሚቺዮ ኩሺ ትምህርቱን ወደ አሜሪካ ወስደው በቦስተን ብዙ አማካሪዎችን አሠለጠኑ። ትምህርቱ ያልተፈተገ እህል፣ አትክልትና ጥራጥሬ መመገብን፣ በአካባቢና በወቅቱ የበቀለውን መምረጥን፣ አላምጦ መብላትን፣ ስኳርን፣ ሥጋንና ወተትን ማሳነስን ያዝዛል።

ከዚህ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ ገበሬ እንግዳ የሆነው ጥቂት ነው። ከነገለባው የተፈጨ ጤፍ፣ ሽሮ፣ ጎመንና ከጓሮ የተነቀለ ምግብ የቆየ ልማዱ ነው። ያልተፈተገ እህልና አትክልት ለአዋቂ ጤና እንደሚበጁም የዛሬው ሳይንስ ይስማማል።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ ወደ ክልከላ ባጋደለበት ቦታ ጉዳት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ አንዲት ወጣት በእህል ብቻ የተወሰነውን እጅግ ጥብቅ ደረጃ ስትከተል ሕይወቷ አልፏል። በ1980ዎቹ ደግሞ በኔዘርላንድስ በዚህ ሥርዓት የሚያድጉ ሕፃናትን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ተጨማሪ ምግብ ከጀመሩበት ዕድሜ አንስቶ እድገታቸው መዘግየቱን፣ በብዙዎቹም ላይ የቫይታሚን ዲ እና የቢ12 እጥረት እንዲሁም የአጥንት መልፈስፈስ መታየቱን አረጋገጡ። ምክራቸውም የቤተሰቦቹን እምነት የሚያፈርስ አልነበረም፤ በሕፃናቱ ሳህን ላይ ዘይት፣ ዓሣና ወተት እንዲጨመር ነበር።

የኔዘርላንድሱ ሕፃን በምርጫ፣ የባደዋቾው ሕፃን በችግር ከወተትና ከዕንቁላል ርቋል። ምክንያታቸው ቢለያይም ሰውነታቸው የጠየቀው አንድ ነገር ነው። የአመጋገብ ትምህርት የሚመዘነው በሐሳቡ ማማር ሳይሆን በልጁ ቁመትና ክብደት ነው።

የከተማው ነዋሪ ማዕድ

በሾኔ፣ በሆሳዕናና በዱራሜ ከተሞች ምክሩ ሌላ መልክም አለው። በከተማ አዋቂው የሚጎዳው ከጉድለት ይልቅ በትርፍ ሊሆን ይችላል፤ ነጭ ዳቦ፣ በዘይት የተጠበሰ ምግብ፣ ለስላሳ መጠጥና ጨው ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሀገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ሰዎች ከመቶ 16 ገደማ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ስኳር ሊይዝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው የጨው መጠን ደግሞ በቀን ከአምስት ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው። ቡናን በጨው የሚጠጡ ሰዎች ይህንንም በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ይኖርባቸዋል።

በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የምግብ አወሳሰድ መመሪያም ልዩ ልዩ የምግብ ዓይነቶችን በየቀኑ መመገብን፣ ጨው፣ ስኳርና ዘይትን መቀነስን ያሳስባል። እዚህ ላይ መቀነስ ተገቢ የሆነው የሚቀነሰው ትርፍ ስለሆነ ነው።

በከተማ ሌላም አደጋ አለ። ምግብ ወይም ዕፅ ብቻውን ስኳር በሽታን፣ ደም ግፊትን ወይም ካንሰርን ያድናል የሚሉ መካሪዎች በየገበያውና በየስልኩ ላይ በዝተዋል። ጥሩ አመጋገብ ሕክምናን ያግዛል፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን አይተካም። መድኃኒት አቋርጡ የሚል፣ ሕፃንን ወይም ነፍሰ ጡርን ከመላው የምግብ ክፍል የሚከለክል፣ ምክሩንም ከሚሸጠው ዕቃ ጋር የሚያያይዝ ሰው ሲያጋጥም ወደ ጤና ባለሙያ ሄዶ መጠየቅ ይገባል።

ጓሮውን ለማዕዱ ማቀድ

የአመጋገብ ምክር በማሳው ካልተደገፈ በቃል ይቀራል። የግብርና ልማት ሠራተኞች ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በእንሰት ረድፎች መካከል ጎመን መትከል፣ በበልግና በመኸር ቦሎቄን ከበቆሎ ጋር አሰባጥሮ መዝራት፣ እንደ ኩልፎና ቱላ ያሉትን ብርቱካናማ የስኳር ድንች ዝርያዎች በትንሽ መደብም ቢሆን ማልማት፣ ጥቂት ዶሮ ወይም የምትታለብ ፍየል መያዝ መሬት ለጠበበው ቤተሰብ የሚቻሉ አማራጮች ናቸው። የእንሰት አጠውልግ በሽታን ለመከላከል ተክሉ የተቆረጠበትን ቢላ በእሳት ማጽዳትና የታመመውን ነቅሎ መቅበርም የማዕድ ጉዳይ ነው፤ በሽታው የገባበት ጓሮ የዓመታት ስንቅ ያጣልና።

ምክር ሁሉን አይፈታም። ምንም ለሌለው ቤት «አሰባጥራችሁ ብሉ» ማለት ባዶ ቃል ነው። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከጉልበት ሥራ ተነስተው ድጋፉን እያገኙ በጤናና በሥነ ምግብ ትምህርት እንዲካፈሉ የሚደረገው ለዚህ ነው። ምክሩና ድጋፉ አብረው ሲሄዱ እናት የተማረችውን የምትሠራበት ጊዜና እህል ታገኛለች።

ወላጆች ሊዘገዩባቸው የማይገቡ ምልክቶችም አሉ። የሁለቱም እግሮች እብጠት፣ የምግብ ፍላጎት ፈጽሞ መጥፋት፣ የፀጉር መሳሳትና የቀለሙ መለወጥ፣ የሰውነት በግልጽ መክሳት ከታየ ሕፃኑ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሕክምና ያስፈልገዋል። ልኬቱ በነፃ የሚከናወንና ደቂቃ የማይፈጅ ነው። መቀንጨር ግን በዓይን ቶሎ ስለማይለይ፣ ሕፃኑ ጤነኛ ቢመስልም ክብደቱንና ቁመቱን በየጊዜው ማስለካት፣ ምክሩንም ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው መጀመር ያስፈልጋል።